ተውሳከ ግሥ ወደ እኛ የመጣበት መንገድ

በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ገዋኔ

የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ሲከበር በሚታተመው በዚህ መጽሔት ላይ አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ በተመደብሁ ጊዜ፣ ጓደኞቼ ሁሉ ስለ ድንቅነሽ እንደምጽፍ ገመቱ። ግምታቸው የሚያስደንቅ አይደለም፤ በአፋር ምድር የሚኖር ተማሪ የታሪክ ድርሰት ጻፍ ቢባል፣ በ1967 ዓ.ም. በሐዳር ስለ ተገኘችው ስለዚያች እመቤት መጻፍ የተለመደ ነውና። እኔ ግን የመረጥሁት የአጥንትን ሳይሆን የቃልን ታሪክ ነው። ቃሉም እንግሊዞች «አድቨርብ» የሚሉት፣ በእኛ ሰዋስው ደግሞ «ተውሳከ ግሥ» ተብሎ የሚጠራው ነው። አንባቢው «ይህ ደግሞ ታሪክ ነውን?» ብሎ ገጹን ከመግለጡ በፊት ወደዚህ ነገር የገፋኝን ምክንያት ልናገር።

አምና በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ስለ አባታችን ድርሰት እንድንጽፍ ታዘዝን። አባቴ ከአዋሽ ወደ ሚሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በመንገድ ጥገና ሥራ ከሃያ ዓመት በላይ የኖሩ ሰው ናቸው። በዚህ በቆላ አገር፣ አስፋልቱ በፀሐይ በሚልምበት ሰዓት አካፋ መያዝ ምን ማለት እንደ ሆነ ገዋኔን የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ድርሰቱን ስጽፍ ልቤ ሞልቶ ነበር። «አባቴ ሃያ ዓመት ሙሉ በብርታት ሠርተዋል» ለማለት ፈልጌ «ማይ ፋዘር ሃዝ ወርክድ ሃርድሊ ፎር ትዌንቲ ይርስ» ብዬ ጻፍሁ። ደብተሬ ሲመለስልኝ መምህራችን «ሃርድሊ» የሚለውን ቃል በቀይ ቀለም ከብበው፣ ከጎኑ በአማርኛ «አባትህ ሰነፍ ናቸውን?» የሚል ጥያቄ ጽፈውበት አገኘሁ።

መዝገበ ቃላት ብገልጥ «ሃርድሊ» ማለት «እምብዛም» ማለት ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ አባቴ ሃያ ዓመት ሙሉ ሥራ የሚባል ነገር እምብዛም አልነኩም ብዬ በገዛ እጄ መስክሬባቸው ኖሯል! ከኀፍረቱ ይልቅ የከነከነኝ ግን ደንብ አለመጣሴ ነው። «በቅጽል ላይ ሊ ሲጨመር ተውሳከ ግሥ ይሆናል» ተብዬ ተምሬ ነበር፤ እንደ ተማርሁትም ጨመርሁ። «ስሎው» ተጨምሮበት «ስሎውሊ» ከሆነና «በዝግታ» ማለት ከሆነ፣ «ሃርድ» የሚለው «ሃርድሊ» ሆኖ «በብርታት» ማለት የማይሆንበት ምክንያት ምንድን ነው? መምህራችን «እንዲሁ ሆኖ ነው የተለመደው» አሉኝ። መልሱ እውነት ቢሆንም አላጠገበኝም። እንግዲህ ከሰዋስው መጽሐፍ ወደ ታሪክ መጽሐፍ የተሻገርሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ከስሙ እንነሣ። «ተውሳክ» በግዕዝ «ወሰከ»፣ ማለት ጨመረ፣ ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን ጭማሪ ማለት ነው፤ ስለዚህ ተውሳከ ግሥ የግሥ ጭማሪ ነው። የላቲኑ «አድቨርቢዩም» ቢተረጐም ያው ከግሥ ጋር የሚጨመር ማለት ይሆናል። ላቲኖችም ቢሆኑ ስሙን የወሰዱት ከግሪኮች ነው። በግሪካዊው በዲዮናስዮስ ትራክስ ስም የሚጠራው ጥንታዊ ሰዋስው ቃላትን በስምንት ክፍል የመደበ ሲሆን፣ አንዱ ክፍል ይህ የእኛ ተውሳከ ግሥ ነበር። ከጌታችን ልደት በኋላ በሁለተኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ የነበረው አጶሎንዮስ ዲስቆሎስ ደግሞ ስለዚህ ስለ አንዱ ክፍል ብቻ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጽፏል። ነገሩ ለእሱም ቀላል አልነበረም ማለት ነው፤ ይህን ሳነብ ትንሽ ተጽናናሁ።

የእኛ አገር ሊቃውንት ግን የግሪኮቹን ስምንት ክፍል ሳይጠብቁ የራሳቸውን መንገድ ይዘው ኖረዋል። ሰዋስው ማለት መሰላል ማለት ነው፤ በቅኔ ቤት ተማሪው በዚህ መሰላል ሲወጣ ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ አገባብ ይባላል። ይኸውም ዐቢይ፣ ንዑስና ደቂቅ ተብሎ ይከፈላል። አንዲት ትንሽ ቃል በየት በኩል ገብታ የዓረፍተ ነገሩን ፍች እንደምትለውጥ ተማሪው መምህሩ ፊት ተቀምጦ ይማረዋል። ከግዕዝ ትምህርት ውስጥ ለጥያቄዬ መንገድ የከፈተልኝ ግን ከዚህ ሁሉ ያነሰ አንድ ነገር ነው። በግዕዝ «ፍጡን» ማለት ፈጣን ማለት ነው። የመጨረሻው ፊደል ከሳድስ ወደ ግዕዝ ተለውጦ «ፍጡነ» ሲሆን «በፍጥነት» ማለት ይሆናል። «ሠናይ» መልካም ማለት ሲሆን «ሠናየ» በመልካም ሁኔታ ማለት ነው። እንግዲህ ግዕዝ ቅጽሉን ወደ ተውሳከ ግሥ ሲለውጥ አዲስ ቃል አያመጣም፤ በመጨረሻው ፊደል ላይ አንዲት ድምፅ ብቻ ይለውጣል። አማርኛ ይህን ዘዴ አልወረሰም። ይህን ነገር አንባቢው በልቡ ያኑርልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

አሁን ወደ ውጭ አገር ሰዎች እንለፍ። የአማርኛን ሰዋስው በአውሮፓ መጀመሪያ ያሳተመው ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ነው። መጽሐፉ በላቲን ቋንቋ ተጽፎ እ.ኤ.አ. በ1698 በፍራንክፈርት ታተመ። መምህሩ የአምሐራው ተወላጅ አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1649 በሮም ተገናኝተው፣ በ1652 ደግሞ አባ ጎርጎርዮስ እስከ ጎታ ከተማ ድረስ ተጠርተው ሄደው አስተምረውታል። እኒህ ካህን በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ሰጥማ በባሕር ላይ አረፉ። ስለዚህ ያስተማሩት ነገር መጽሐፍ ሆኖ ሲወጣ ለማየት አልታደሉም።

ለእኛ ለአዋሽ ሸለቆ ሰዎች ይበልጥ የሚቀርበን ግን ከሉዶልፍ በኋላ የመጣው ሰው ነው። ካርል ዊልሄልም ኢዘንበርግ ይባላል። እሱም ጀርመናዊ ቢሆንም የተላከው በእንግሊዝ የቤተ ክርስቲያን ሚሲዮን ማኅበር ነበር። መጀመሪያ በትግራይ ተቀምጦ እ.ኤ.አ. በ1838 ከዚያ እንዲወጣ ከተደረገ በኋላ፣ በሚቀጥለው ዓመት ከባልንጀራው ከዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ጋር በሌላ መንገድ ወደ ኢትዮጵያ ለመግባት ተነሣ። ያ መንገድ የእኛ መንገድ ነው። ከታጁራ ወደብ ከሲራራ ጋር ተነሥተው፣ የአፋርን በረሓ በግመል አቋርጠው፣ አዋሽን ተሻግረው ወደ ሸዋው ንጉሥ ወደ ሣህለ ሥላሴ ደረሱ። ኢዘንበርግ በዚያው ዓመት መጨረሻ ገደማ በዚያው በረሓ ተመልሶ ወደ እንግሊዝ አገር ሄደ። ከዚያ በኋላ ያሳተማቸውን መጻሕፍት ዓመት በዓመት ብንቆጥራቸው የሚያስገርም ነው። በ1840 አነስተኛ የደንከሊ ቋንቋ መዝገበ ቃላት፣ ይኸውም የጎረቤቶቻችን የአፋሮች ቋንቋ፤ በ1841 የአማርኛ መዝገበ ቃላት፤ በ1842 የአማርኛ ሰዋስው። ሦስቱም በለንደን ታተሙ፤ ማብራሪያቸውም በእንግሊዝኛ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት እወዳለሁ። የአማርኛን ሰዋስው በእንግሊዝኛ ቋንቋ ያስረዳው ሰው ሲመጣም ሲሄድም ያለፈው ዛሬ አባቴ አስፋልት በሚጠግኑበት በዚህ ቆላ ነው። አማርኛ፣ አፋርኛና እንግሊዝኛ በአንድ ሰው ሻንጣ ውስጥ ገብተው በግመል ጀርባ ላይ አብረው ተጉዘዋል። ዛሬ በክፍላችን አንዱ በቤቱ አፋርኛ፣ ሌላው አማርኛ እየተናገረ ሁላችንም በእንግሊዝኛ ስንፈተን፣ ይህ ነገር ትናንት የተጀመረ ይመስለናል።

ኢዘንበርግና እሱን የመሰሉት ሊቃውንት ይዘውት የመጡት ሰዋስው ግን የግሪኮቹና የላቲኖቹ ነበር። ሣጥኖቹ አስቀድመው ተሠርተው ነበርና የአማርኛ ቃላት እየተለቀሙ ወደየሣጥናቸው ይገቡ ነበር። የአገራችን ሰዎችም ከዚያ በኋላ በዚሁ ሥርዓት መጻፍ ጀመሩ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1905 በሮም የአማርኛ ሰዋስው በጣልያንኛ አሳተሙ። ብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ ደግሞ ሰዋስዋችንን በገዛ ቋንቋችን ጻፉልን፤ በ1948 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የታተመው «የአማርኛ ሰዋስው» ብዙ ትውልድ የተማረበት ነው። በዚያ መጽሐፍ ከስምንቱ የቃላት ክፍሎች አንዱ ተውሳከ ግሥ ሆኖ ይገኛል። ከብዙ ዓመት በኋላ በ1987 ዓ.ም. ባየ ይማም ባሳተሙት ሰዋስው ስምንቱን ወደ አምስት ዝቅ አደረጓቸው። ተውሳከ ግሥን ባይሠርዙትም፣ በአማርኛ በእርግጥ ተውሳከ ግሥ የሆኑት ቃላት በቁጥር ጥቂት መሆናቸውን አስረዱ። «ቶሎ»፣ «ገና»፣ «ክፉኛ» እና እነዚህን የመሳሰሉ ናቸው።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ ተጠራጠርሁ። አማርኛ ተናጋሪ ሰው ነገሩ እንዴት እንደ ተደረገ ሳይናገር ይውላልን? ከገበያ የተመለሰች ሴት ስትተርክ ስሙ፤ ነገሩን ከነአሠራሩ ነው የምታወራው። እንግዲህ ጭማሪው ከጠፋ የት ሄደ?

ጭማሪው በግሡ ውስጥ ተሸሽጓል። እኛ «ፈጥኖ መጣ»፣ «አጥብቆ አሰረ»፣ «ደጋግሞ ጠየቀ»፣ «አቀላጥፎ ተናገረ» እንላለን። «ፈጥኖ»፣ «አጥብቆ»፣ «ደጋግሞ» እነዚህ ሁሉ ራሳቸው ግሦች ናቸው። እንግሊዝ አንዱን ሥራ በአንድ ግሥና በአንድ ጭማሪ ሲናገር፣ እኛ ሁለት ግሥ እናሰልፍና የፊተኛውን ለኋለኛው አሽከር እናደርገዋለን። «ፈጽሞ» የምንለው ቃል እንኳ «ፈጸመ» ከሚለው የወጣ ነው። አንዳንድ ጊዜም ጭማሪው ለብቻው ቃል መሆኑ ይቀርና ወደ ግሡ አካል ይገባል፤ «ሰበረ» እና «ሰባበረ» የሚለያዩት በዚህ ነው። ደግሞ «ብድግ አለ»፣ «ቀስ ብሎ ሄደ»፣ «ጸጥ ብሎ ሰማ» የምንለው አለ። ይህን ውበት ለእንግሊዝ ሰው ለማስረዳት የሞከረ ተማሪ ላቡን ይጠርጋል።

አንድ ተጨማሪ ልዩነት አለ፤ እኔ እስከ ዘንድሮ ድረስ ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። የእኛ ጭማሪ አድራጊውን ያውቃል። እኔ ከሆንሁ «ፈጥኜ መጣሁ»፣ እሷ ከሆነች «ፈጥና መጣች»፣ ብዙ ከሆኑ «ፈጥነው መጡ» ይላል። የእንግሊዙ «ኩዊክሊ» ግን ሁሉ አንድ ነው፤ ማን እንደ ሮጠ አያውቅም። ስለዚህ የትም ሊቀመጥ ይችላል፤ የትም ሊቀመጥ በመቻሉም የሚያሳስት እሱ ነው።

በአማርኛም ሆነ በአፋርኛ ግሡ በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ይቀመጣል፤ ጭማሪውም ከፊቱ ይቀድማል። «እንግሊዝኛ አቀላጥፎ ይናገራል» ስንል «አቀላጥፎ» ከግሡ ጎን ነው። ይህን ልማድ ይዘን እንግሊዝኛ ስንጽፍ «ሂ ስፒክስ ፍሉዌንትሊ ኢንግሊሽ» እንላለን፤ ጭማሪው ከግሡ ጎን ይሁን ብለን ማለት ነው። እንግሊዝ ግን በግሡና በተሳቢው መካከል ሌላ ቃል ሲገባ አይወድም፤ «ሂ ስፒክስ ኢንግሊሽ ፍሉዌንትሊ» ይላል። ከአሥር ድርሰት በስንቱ ይህ ስሕተት እንደሚገኝ መምህራን ያውቁታል።

«ኦንሊ» የሚባለው ቃል ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው። «ኦንሊ ማይ ፋዘር ሶው ዘ ካሜል» ቢባል ግመሉን ያዩት አባቴ ብቻ ናቸው። «ማይ ፋዘር ሶው ኦንሊ ዘ ካሜል» ቢባል አባቴ ያዩት ግመሉን ብቻ ነው፤ ባለቤቱን አላዩትም። ግመል ጠፍቶ ሽማግሌ ፊት ለመሰከረ ሰው ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። በአማርኛ እንዲህ ያለ ችግር አይደርስብንም፤ «ብቻ» ሁልጊዜ ከሚመለከተው ቃል ኋላ ተጣብቆ ይቆማልና፤ «አባቴ ብቻ»፣ «ግመሉን ብቻ»። እኔ ለራሴ ያወጣሁት ዘዴ አለ። መጀመሪያ በአማርኛ አስበዋለሁ፤ «ብቻ» ከየትኛው ቃል ኋላ እንደ ቆመ አያለሁ፤ ከዚያ «ኦንሊ»ን ከዚያው ቃል ፊት አቆመዋለሁ። እስከ ዛሬ አላሳሳተኝም።

የአፋር ጓደኞቼ ይህን ነገር ከእኔ ይልቅ ቶሎ ይረዱታል። ምክንያቱም ዳጉ በሚባለው ሥርዓታቸው ያደጉ ናቸው። ሁለት መንገደኞች በበረሓ ሲገናኙ ሰላምታ ተለዋውጠው፣ ቁጭ ብለው ወሬ ይጠያየቃሉ፤ በዓይን የታየውና በጆሮ የተሰማው እየተለየ፣ መቼና የት እንደ ሆነ እየተጠየቀ ይነገራል። የሐሰት ወሬ ያቀበለ ሰው ይጠየቅበታል። የዝናብና የሣር፣ የጠብና የሰላም ወሬ የሚሄደው በዚህ ነውና አንዲት ቃል ቦታዋን ብትስት መንጋ ሊያልቅ ይችላል። በክፍላችን አንድ ልጅ ስለ «ኦንሊ» ሳስረዳው «ይኸማ ዳጉ ነው» አለኝ።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። እንግሊዝኛ በትምህርት ቤቶቻችን ሁልጊዜ የበላይ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1908 የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት መምህራኑ ከግብጽ የመጡ ቅብጦች ነበሩ፤ ከዚያም በኋላ እስከ ጣልያን ወረራ ድረስ በትምህርት ቤቶቹ የሠለጠነው ፈረንሳይኛ ነበር። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትም ያስተምር የነበረው በፈረንሳይኛ ነው። እንግሊዝኛ የበላይነቱን የያዘው በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ከተመለሰ በኋላ ነው። በ1935 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በኮተቤ፣ በ1938 ዓ.ም. የጄኔራል ዊንጌት፣ በ1943 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተከፈቱ። በ1955 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ሦስት መቶ የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓድ ሰዎች መጥተው አብዛኞቹ በየጠቅላይ ግዛቱ የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ሆኑ፤ ከህንድ የመጡም ብዙ መምህራን ነበሩ። ስለዚህ የዚያ ዘመን ተማሪ እንግሊዝኛን ከእንግሊዝ፣ ከህንድና ከአሜሪካ አፍ ሰማ። እንግሊዙ «ሪሊ ጉድ» ሲል አሜሪካዊው በጨዋታው መካከል «ሪል ጉድ» ይላል፤ ተማሪው የትኛውን ይያዝ? በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ደግሞ ሌላው ትምህርት ሁሉ በእሱ እንዲሰጥ ወሰነ። እንግዲህ የተውሳከ ግሥ ነገር የእንግሊዝኛ መምህሩ ጣጣ ብቻ አይደለም፤ የባዮሎጂው ፈተናም በ«ዩዥዋሊ»ና በ«ኦልዌይስ» መካከል ይጥላል።

አሁን ያቺን «ሊ» እንያዛት። ጥንታዊ ታሪኳ እንዲህ ነው። በድሮው እንግሊዝኛ «ሊች» የሚባል ቃል ነበር፤ ትርጉሙም አካል፣ መልክ ማለት ነው። ይህ ቃል ከሌላ ቃል ኋላ እየተለጠፈ «በዚህ መልክ» ማለት ሆነና፣ እያጠረ መጥቶ ዛሬ «ሊ» ሆኖ ቀረ። እንግዲህ እኛ «በሚያምር መልክ»፣ «በሚያሳዝን ሁኔታ» ስንል የምናደርገውን እንግሊዞችም በጥንት ጊዜ አድርገውታል። ይህን ካወቅን ደግሞ ሌላ እንቆቅልሽ ይፈታልናል። «ፍሬንድሊ» መጨረሻው «ሊ» ሆኖ ሳለ ቅጽል እንጂ ተውሳከ ግሥ አይደለም፤ ለምን ቢባል «የወዳጅ መልክ ያለው» ማለት ነውና። የክፍላችን ተማሪ ግማሹ በዚህ ቃል ተሰናክሏል፤ ታሪኩን ማንም ስላልነገረን ነው።

ነገር ግን ድሮ እንግሊዝኛ ከ«ሊ» በፊት ሌላ ዘዴ ነበረው። በቅጽሉ መጨረሻ ላይ አንዲት አናባቢ ድምፅ ይጨምርና ተውሳከ ግሥ ያደርገው ነበር። «ሃርድ» ለሚለው ቃል ተውሳከ ግሡ «ሄአርደ» ነበር። አንባቢው በልቡ ያኑርልኝ ያልሁትን አሁን ያውጣው፤ ይህ የግዕዙ «ፍጡን» እና «ፍጡነ» አይደለምን? ሁለት የማይተዋወቁ ቋንቋዎች አንድ ዘዴ አገኙ። ከጊዜ በኋላ እንግሊዞች ያቺን የመጨረሻ ድምፅ ከአፋቸው ጣሏት። ድምፅዋ ስትወድቅ ቅጽሉና ተውሳከ ግሡ አንድ ሆነው ቀሩ። ዛሬ «ሃርድ»፣ «ፋስት» የሚሉት ቃላት «ሊ» ሳይጨመርባቸው ተውሳከ ግሥ የሚሆኑት ስለዚህ ነው። ደንብ ያፈረሱ አይደሉም፤ በጥንቱ ደንብ የኖሩ ሽማግሌዎች ናቸው። «ፋስትሊ» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ካለ ከዛሬ ጀምሮ ይተወው።

«ሃርድሊ»ስ? እሷም መጀመሪያ «በብርታት፣ በኀይል» ማለት ነበረች። እኔ ድርሰቴን ከብዙ መቶ ዓመት በፊት ጽፌው ቢሆን ኖሮ ቀይ ቀለም አይነካኝም ነበር ማለት ነው! ኋላ ትርጉሟ «በጭንቅ፣ በመከራ» ወደ ማለት አዘነበለ። በጭንቅ የሚደረግ ነገር ደግሞ ላይደረግ ጥቂት የቀረው ነው፤ ስለዚህ ቀስ በቀስ «እምብዛም» ወደ ማለት ወረደች። በአማርኛም ይህ ቁልቁለት አለ፤ «በስንት መከራ ደረሰ» ስንል ከድካሙ ይልቅ ሊቀር እንደ ነበር መናገራችን ነው።

የመጀመሪያ ትምህርቴን በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስለ ተማርሁ አንድ ነገር ልጨምር። በድሮው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በዮሐንስ ወንጌል ጌታችን ነገሩን ሲያጸና «ቬሪሊ» የሚል ቃል ሁለት ጊዜ ተደግሞ ይገኛል። የአማርኛው «እውነት» የሚለውን ስም ይደግማል እንጂ ጭማሪ አይፈልግም። «ቬሪሊ» የተወለደችው «እውነተኛ» ከሚል የፈረንሳይ ቃል ሲሆን፣ ዛሬ በየድርሰታችን በየመሥመሩ የምንበትናት «ቬሪ» እኅቷ ናት። «ቬሪ ቬሪ ሆት» ብለን ስለ ገዋኔ ስንጽፍ «እውነት እውነት ትኩስ» ብለን እየማልን ነው ማለት ነው። ብዙ የሚምል ሰው እንደማይታመን እናውቃለን፤ በጽሑፍም ያው ነው። «ሂ ስፖክ ቬሪ ኳየትሊ» ከማለት «ሂ ዊስፐርድ» ማለት ይሻላል። አማርኛም «በጣም በቀስታ ተናገረ» ከማለት «አንሾካሾከ» ሲል ይበልጥ ያምርበታል። እኛ በቋንቋችን ግሡን መምረጥ እናውቅበታለን፤ እንግሊዝኛ ስንጽፍ ብቻ ይህን እውቀታችንን ከደጅ ጥለን እንገባለን። ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች የ«ሊ»ን ሰንጠረዥ ከማሸምደድ በፊት ይህ ቢነገራቸው እወድ ነበር፤ እኔ አራት ዓመት ዘግይቼ ደረስሁበት።

ድርሰቱን አርሜ «ማይ ፋዘር ሃዝ ወርክድ ሃርድ» ብዬ እንደገና ጻፍሁትና አንድ ምሽት ለአባቴ በአማርኛ እየተረጐምሁ አነበብሁላቸው። ስሕተቴንም ሳልደብቅ ነገርኋቸው፤ ቃሉ በጥንት ጊዜ «በብርታት» ማለት እንደ ነበረ፣ ኋላ «በጭንቅ» እንደ ሆነ፣ አሁን ደግሞ «እምብዛም» እንደሚል አስረዳኋቸው። አባቴ ሳቁና «ልጄ፣ ይኸ ቃል እኔን ነው የሚመስለው። ሲቀጥሩኝ በብርታት ነበር፤ ዘንድሮ በጭንቅ ነው፤ የሚቀረኝ ሦስተኛው ነው» አሉ። እናቴ ግን አልሳቁም፤ «የምን ሦስተኛ ነው!» ብለው ተቆጧቸው። በማግሥቱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ፣ ሙቀቱ ሳይነሣ፣ የሥራው መኪና ሲያጠራ ሰማሁ፤ አባቴም ካኒተራቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ የውሃ ጀሪካናቸውን አንጠልጥለው ፈጥነው ወጡ።